በርበሬ የገባው ኑዛዜ

ቡሬ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ሚኒባሱ በሙሉ ማነጠስ ጀመረ። ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም፣ ረዳቱም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሸራ ላይ የተሰጣ በርበሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ። አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «ሁላችሁንም ይማራችሁ!» አሉና ራሳቸውም አነጠሱ። እኔ ግን እንባዬን እየጠረግሁ እስቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ግራ ገብቶት አየኝ።

«ምነው እህቴ፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ፤ የአባቴ ኑዛዜ ሸቶኝ ነው» አልሁት።

ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። ምን ያድርግ፣ አልፈርድበትም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ያደረግሁትን ቢያውቅ ኖሮ ከመኪናው ይወርድ ነበር።

ያን ጊዜ ወንድሜ ልየው አምስት ዓመቱ ነበር። ያደግነው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተሂዶ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እናታችን ልየውን ወልዳ ብዙ አልቆየችም። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አባታችን ተከተላት። ያሳደጉን የአያታችን ወንድም አያ ታፈረ ናቸው፤ ከልጃቸው ከዘመናይ ጋር። ዘመናይን እታለም እላት ነበር፣ ዛሬም እላታለሁ። ባሏን ፈትታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ምላሷም እጇም የማያርፍ ሴት ናት።

አያ ታፈረ የራሳቸውንም የእኛንም መሬት ያርሱ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከእኛ ማሳ የመጣ የበቆሎ እሸት ሲጠበስ ግን ጥርሳቸው ላይ አያደርሱትም። «ይሄ የልጆቹ ነው» ብለው ከራሳቸው ማሳ የመጣው እስኪበስል ይጠብቃሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነበር። አርሰው ከእኛ ማሳ ወደ ራሳቸው ሲሻገሩ ወሰኑ ላይ ይቆሙና እግራቸውን ያራግፋሉ። አንዱን እግር አንስተው በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ፤ ሌላውን አንስተው ጠፍ ጠፍ። እኔ አፈራችን የቆሸሸ መሰለኝ። እንዴት እንዳፈርሁ! አንድ ቀን እንዲያውም ከወንዝ በጣሳ ውኃ እያመላለስሁ የማሳችንን ጫፍ አጠብሁት። እታለም አይታ «አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ስትለኝ «እያጸዳሁት» አልኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች እንጂ ነገሩን አላስረዳችኝም።

ሌላም በራሴ የደረስሁበት እውቀት ነበረኝ፤ ይኸኛው አያስቅም። አባቴ ታሞ መደብ ላይ የተኛ ጊዜ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ መጡ፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቄሱ አባቴ ያለውን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ አባቴም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታስብ? ወረቀቱ ነው የገደለው ብዬ ቁጭ። ኑዛዜ የሚሉት ነገር እሱ ነበር። በላስቲክ ተጠቅልሎ አያ ታፈረ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ እኔም ሣጥኑ ባለበት ጥግ ዝር አልልም። ቤት ስጠርግ እንኳ ያቺን ጥግ እዘላታለሁ። እታለም «ሰነፍ!» እያለች ትቆጣኛለች፣ ነፍሴን እያተረፍሁ መሆኑን ማን ነግሯት።

አሥር ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ መስከረም ሲያልቅ፣ አያ ታፈረ የእኛን መሬት ለሽምብራ ሲያርሱ ሳይታወቃቸው ወሰን አለፉ። የጎረቤታችንን የአያ በላይን መሬት ሦስት ትልም ገለበጡት። በእኛ አገር ወሰን መግፋት ደም የሚያፋስስ ነገር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስንቱን የወሰን ጠብ ያስታረቁ ሽማግሌ! አያ በላይ መጥተው አዩና ተመለሱ። ማታውን እታለም ለአባቷ ነገረቻቸው።

በማግሥቱ ጧት አያ ታፈረ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ በእታለም ትከሻ እየተመሩ አያ በላይ ደጅ ቆሙ። እኔም ከኋላ ነበርሁ። አያ በላይ ብቅ ብለው ሲያዩ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ኧረ በወላዲቷ! ኧረ ይጣሉት አያ ታፈረ፣ ምን በወጣኝ ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?»

«በላይ፣ የበደለህ ዓይኔ ነው። ዓይኑም የእኔው ነውና ይቅር በለኝ።»

ድንጋዩን አያ በላይ በራሳቸው እጅ አወረዱላቸው፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። የዓይን ሞራ ነበር፤ ለካ ከክረምቱ ጀምሮ ጥላ ጥላውን ብቻ ነበር የሚያዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታቸው ሁሉ ጠፋ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ የያዙትን ዱላ በጣታቸው እየዳበሱ ይውላሉ።

ኅዳር ገባና በርበሬው ቀላ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ እሱ ነበር፤ መልቀም፣ ማስጣት፣ ማገላበጥ፣ ጆንያ ውስጥ መጠቅጠቅ። ከጣቴ እስከ ክርኔ ይለበልበኛል። ልየው አንዴ በርበሬ የነካ እጁን ዓይኑ ውስጥ አስገብቶ ሠፈሩን በጩኸት አናወጠው። የጆንያውን አፍ በሲባጎ መስፋት ደግሞ የእኔና የእታለም ፋንታ ነው። እሷ በቀኝ ትሰፋለች፤ እኔ ግራኝ ነኝ፣ ስፌቴ ሁሉ ወደ ግራ ያጋድላል። «ያንቺን ጆንያ ከሩቅ አውቀዋለሁ፣ የሰከረ ሰው የሰፋው ይመስላል» ትለኛለች።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ቀርቶ በጊዜ ተመለስሁ። በወንዙ በኩል ሳቋርጥ፣ ሰው በማያየው ማሳ ላይ እታለምን እርፍ ጨብጣ አየኋት። ሴት ስታርስ! ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ጅራፉን ይዛ «ና ዳመና! ተመለስ!» እያለች በሬዎቹን ትመራለች። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። እኔ አጥፍታ የምትቀጣ መሰለኝ፤ አልቅሼ «አያ ታፈረን ይቅርታ እጠይቅልሻለሁ» አልኋት።

«ለማንም ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን ነው የምቆርጠው» አለችኝ። ትንፍሽ አላልሁም፤ እታለም ያለችውን ታደርጋለች።

ከዚያ በኋላ ነው አያ ታፈረ አንድ ከሰዓት ድንገት ያን ነገር የተናገሩት። ደጃፍ ላይ በርበሬ እያገላበጥን ነበር።

«ቄስ ሞላን ነገ ይምጡ በሏቸው። ሙሉነህም ከፍኖተ ሰላም ይምጣ፤ ሽማግሌዎችም ይጠሩ። ኑዛዜውን ላወጣው ነው።»

«ምነው አባዬ?» አለች እታለም።

«ወሰኑን ሳላይ የልጆቹን መሬት እንዴት አድርጌ ልጠብቅ? አደራው በጤናዬ ሳለሁ ለሌላ መተላለፍ አለበት።»

ሙሉነህ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሞተር ይጠግናል። አደራው ለእሱ እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም። እሱም በስልክ «መሬቱን ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ፣ ማረስ መድከም የለ» ማለቱን ሰምተናል። እታለም ይሄን ስትሰማ በርበሬውን እፍኝ አድርጋ ጨመቀችው። «ባሕር ዛፍ ከገባበት ልየው አድጎ ምኑን ሊያርስ ነው? ጉቶውን?» አለች።

እኔ ባሕር ዛፉንም፣ አደራውንም አልሰማሁም። የሰማሁት ሁለት ነገር ነው፤ ቄሱ ይመጣሉ፣ ወረቀቱ ይወጣል። አባቴም እንዲሁ ነበር። አያ ታፈረ በሦስተኛው ቀን ሊሞቱ ነው።

እሳቸው ፀሐዩ ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው የሣጥኑን ቁልፍ ከትራሳቸው ሥር ወሰድሁ። ሣጥኑን ከፈትሁ። ወረቀቱን ከነላስቲኩ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ፣ ጊንጥ የያዝሁ ይመስል፣ ሮጬ ወጣሁ። ደጅ ያለውን ሁሉ እታለም ሰፍታው አንድ ጆንያ በርበሬ ብቻ አፉ ሳይሰፋ ቀርቶ ነበር። እጄን እስከ ብብቴ አስገብቼ መካከሉ ላይ ቀበርሁትና አፉን ሰፋሁት፤ ቁልፉንም ወደ ቦታው መለስሁ። ቄሱ መጥተው ወረቀቱን ሲያጡ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ማንም አይሞትም። ያን ቀን እኔን የሚያህል ብልህ አልነበረም፣ በእኔ ቤት።

ማግሥቱን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጁ ባዶ ነው። በርበሬያችንን የሚገዙት የቡሬዋ ነጋዴ ጧት አይሱዙ ልከው አንድም ጆንያ ሳያስቀሩ አስጭነውታል። መጀመሪያ እሰይ አልሁ፤ ወረቀቱ ከአገራችን ወጣ። ወዲያው ደግሞ የቡሬ ሰው በሙሉ ሊያልቅ ነው ብዬ ደነገጥሁ።

ሽማግሌዎቹ ማሳው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አያ በላይም አሉ። ሙሉነህ በሞተር መጥቷል፤ ጫማውን አፈር እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ቄስ ሞላ መነጽራቸውን አደረጉ። አያ ታፈረ ሣጥኑን አስመጥተው በራሳቸው እጅ ከፈቱ። ዳበሱ። እንደገና ዳበሱ። አራቱንም ጥግ በጣታቸው ጫፍ ፈለጉ። ያ የጣታቸው ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «የሰው አደራ ጠፋብኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ወረቀት ከሌለ፣ ነገሩን የበኩር ልጅ መያዙ የታወቀ ነው። ሙሉነህ ይረከብ» አሉ። እታለም ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። አያ ታፈረ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። በዚያች ደቂቃ ያለ ወረቀትም እየሞቱ መሰለኝ። አላስቻለኝም።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የወሰድሁት! እርስዎ እንዳይሞቱ ብዬ ነው!»

ጉድ ፈላ። አያ ታፈረ ግን እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉ። «ነይ ወዲህ አንችናሉ። ማን ነው የሚሞተው?»

«እርስዎ። ወረቀቱ ሲወጣ። አባዬም እንደዚያ ነው የሞተው።» እንባና ንፍጤ ተቀላቅሎ መናገር አቃተኝ።

ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ያዙት። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክሜ መኖሬን ሲረዱ የእሳቸውም ዓይን ፈሰሰ። «አባትሽን የገደለው በሽታ ነው ልጄ። ወረቀቱማ እሱ ከሞተ በኋላ እናንተን የጠበቃችሁ ነው። ዛዲያ የት ጣልሽው?»

«በርበሬ ውስጥ።»

«በርበሬውስ?»

«ቡሬ።»

ሙሉነህ ይስቃል ብዬ ቀና ስል አልሳቀም። ሞተሩን አስነሣ። «ኑ ውጡ» አለን፣ ለእታለምና ለእኔ።

«ወዴት?» አለች እታለም። «ወረቀቱ ከጠፋ ላንተ ነው የሚሆን፤ ምን ቸገረህ?»

«በጠፋ ወረቀት ልረከብና ዕድሜ ልኬን የሙት ልጅ ቀማኛ ልባል? ውጪ ብያለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ሊጠብቁን ቃል ገቡ። ሦስት ሆነን በአንድ ሞተር፣ እኔ መካከል ተጣብቄ፣ የእታለም ነጠላ ከኋላ እየተውለበለበ ቡሬ ገባን። እንዴት እንደደረስን አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ጆንያ ነው። ነጋዴዋ የአዊ ሰው ናቸው፤ ወፈር ያሉ፣ ራሳቸውን በሻሽ የጠመጠሙ። እታለም ነገሩን ስትነግራቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«የተሸጠ ጆንያ ልትፈቺብኝ? እዚህ ካለው ሁሉ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂዋለሽ? ስትበረብሪ ልታድሪ ነው?»

«አንዱን ብቻ ይፍቀዱልኝ። ወረቀቱ ከሌለበት የቀረውን ጆንያ ሁሉ እየሰፋሁ እውላለሁ፤ ሙያዬን ያውቁታል» አለች እታለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በይ እንግዲህ ግራኝ፣ ስፌትሽን ፈልጊ።»

ገባሁ። ዓይኔ ይነዳል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ አነጥሳለሁ፣ እንደገና አነጥሳለሁ። ከጆንያ ጆንያ እየዘለልሁ አፍ አፉን አያለሁ። ወደ ቀኝ የተሰፋ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ። የሰው ሁሉ እጅ ቀኝ ነው ለካ! ተስፋ ልቆርጥ ስል በግድግዳው በኩል፣ ሁለት ጆንያ ሥር፣ ያ የሰከረ ስፌቴ ወደ ግራ አጋድሎ ተኝቷል።

«ይኸው! ይኸው የእኔ!»

ሙሉነህ የላይኞቹን አነሣ። ሲባጎውን በጥርሴ በጠስሁት። እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ ዳበስሁ፤ በርበሬ፣ በርበሬ፣ ከዚያ ላስቲክ። ከፍ አድርጌ ሳወጣው እታለም መጋዘኑን በእልልታ አደበላለቀችው። ነጋዴዋም አብረው እልል አሉ፤ ምኑም የእሳቸው ሳይሆን። እኔ ደግሞ ወረቀቱን በሙሉ እጄ ጨብጬዋለሁ። አልሞትሁም።

ስንመለስ ጀንበር ገና ነበረች። ቄስ ሞላ ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥተው እፍ ብለው ሲዘረጉት የበርበሬው ትቢያ በነነ። ላስቲኩ ቀዳዳ ነበረበት መሰል። መጀመሪያ ቄሱ አነጠሱ። ከዚያ አያ በላይ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ። «እኔ… እጥሺ!… በአእምሮዬ ሳለሁ…» እያሉ ቄሱ ያነባሉ፤ ሰዉ ሁሉ እንባውን እየጠረገ ያዳምጣል። የአባቴ ለቅሶ ላይ እንኳ እንደዚያ አልተለቀሰም። ቄሱ የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ጠጋ ጠጋ አለ። «አያ ታፈረ ልጆቼ እስኪያድጉ መሬቱን ይጠብቁላቸው። ካልቻሉም በሽማግሌና በንስሐ አባቴ ፊት እሳቸው ላመኑት ሰው ያስተላልፉ» ይላል።

«እኔ ያመንሁት ዘመናይን ነው» አሉ አያ ታፈረ።

ጉርምርምታ ሆነ። እኚያው ሽማግሌ «አያ ታፈረ፣ ነገርዎን አልጠላነውም፤ ግን መሬት አራሽ ይፈልጋል። ሴት ምን ይዛ ታርሳለች?» አሉ።

«በሬዎቹን አምጡ» አሉ አያ ታፈረ።

እታለም ነጠላዋን ለእኔ ወረወረችልኝ። ቀሚሷን ሸጎጠች፣ እርፉን ጨበጠች፣ ጅራፉን አጮኸችው። በአያ በላይ ወሰን ላይ፣ ያ ጥፋት በደረሰበት ጠርዝ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ወረደች። አያ በላይ አጎንብሰው ከኋላ ከኋላዋ ሄዱ፤ ትልሙን በስንዝር እየለኩ። ማዶ ደርሰው ቀና አሉና ጮኹ። «አንድ ጣት አላለፈች! እኔ በላይ ምስክር ነኝ፣ አንድ ጣት!»

እልልታው ቀለጠ። ሙሉነህ ራሱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ሴት! መቼ ተማርሽው?»

«አባዬ ማየት ካቆሙ ወዲያ የወንዙን ዳር ማን ያረሰው ይመስልሃል? አንተማ ሞተር ትጠግናለህ።»

ከዚያ ከእኛ ማሳ ወጥታ ወደ አባቷ ማሳ ልትሻገር ወሰኑ ላይ ደረሰች። ቆመች። አንድ እግሯን አንስታ በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገች፤ ሌላውንም። አያ ታፈረ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

«አራገፈች?» አሉኝ።

«አዎ። አፈራችን ቆሻሻ ነው ወይ?»

«ቆሻሻ?» ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «የሙት ልጅ አፈር ነዋ፣ እሜቴ! በእግራችን ጣት ተጣብቆ እንኳ ወደ እኛ እንዳይሻገር ነው የምናራግፈው።» ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «በሉ እንግዲህ ቄስ፣ ይፈርሙ፣ እኔ አረፍሁ» አሉ።

እሳቸው ቢነግሩኝም በሦስተኛው ቀን ጧት ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሥቼ መደባቸው ድረስ ሄድሁ። እጄን አፍንጫቸው ላይ ልይዝ ስል «ምን ትፈልጊያለሽ አንቺ ልጅ?» ብለው ጮኹብኝ። «አልሞቱም! አልሞቱም!» እያልሁ ደጁን ዞርሁት፤ ልየውም ምኑንም ሳያውቅ ከኋላዬ «አልሞቱም!» እያለ ይሮጣል። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ስሜን መጥራት ትተው «ገላጋዬ» ይሉኝ ነበር።

ይኸው አሁን ልየው ዐሥራ ስምንት ሞላው። እታለም «ነይ፣ ርክክብ ነው» ብላ ደውላልኝ ነው ሥራዬን ጥዬ የመጣሁ። ማሳው ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ጠጉሯ ሸብቷል፣ ምላሷ እንዳለ ነው። ልየው ወረቀቱን ተቀብሎ ሲዘረጋ አነጠሰ፤ እግዜር ያውቃል፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ! ፈረመ። እታለም ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፣ ከባድ ነገር ያወረደ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «በርበሬው ነው» አለች።

ሦስታችንም ወደ ቤት ለመሄድ ተነሣን። ወሰኑ ላይ ስደርስ ከልማድ ቆምሁና ጫማዬን አውልቄ ማራገፍ ጀመርሁ። ልየው ዞሮ አየኝ።

«ምን ታራግፊያለሽ? የራስሽ አይደል እንዴ?»

እታለም ከት ብላ ሳቀች። እኔም ጫማዬን በእጄ እንደያዝሁ፣ ባዶ እግሬን ከነአፈሩ ተሻገርሁ።